የአሜሪካ ደቡብ የመንፈስና የወንጀል ታሪኮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ አሜሪካ ደቡብ መናፍስት፣ ተረቶችና አሮጌ ወንጀሎች ወሬ በተነሳ ቁጥር የሚመጡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ደቡብ» ሲባል የትኛው ነው?

ቀላሉ መልስ፦ በ1861 የተቀሰቀሰውን የእርስ በርስ ጦርነት ከሰሜኑ ተገንጥለው የተዋጉት 11 ግዛቶች ናቸው። ቨርጂኒያ፣ ሁለቱ ካሮላይናዎች፣ ጆርጂያ፣ ቴነሲ፣ አላባማ፣ ሚሲሲፒ፣ ሉዊዚያና እያለ እስከ ቴክሳስ ይሄዳል። ተረቱ ግን ለድንበር ግድ የለውም። ተራራውን ተከትሎ ወደ ኬንታኪና ዌስት ቨርጂኒያ ይወጣል።

ዌስት ቨርጂኒያ በ1863 ከቨርጂኒያ ተለይታ ከሰሜኑ ጋር የቆመች ናት። ስለዚህ «እሷ ደቡብ አይደለችም» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን አስገብቻታለሁ። ከሁሉም የምወደው ታሪክ የእሷ ነውና አልተዋትም።

ለምን እዚያ አካባቢ የመንፈስ ታሪክ በዛ?

ብዙ ሕዝብ ተረቱን ይዞ ስለገባ ነው። ከስኮትላንድና ከአየርላንድ የመጡት ገበሬዎች ስለ ግድያ የሚተርኩ ረጃጅም ዘፈኖቻቸውን ይዘው ተራራው ላይ ሰፈሩ። በባርነት ተግዘው የመጡት አፍሪካውያን የራሳቸውን መንፈስና መድኃኒት አመጡ። ነባሮቹ ሕዝቦች ደግሞ የየወንዙንና የየጋራውን ታሪክ ያውቁ ነበር። በዚያ ላይ ሞት በዛ። ጦርነቱ አለ፣ ቢጫ ወባም አለ። በ1878 ሜምፊስ ከተማ ብቻ ከ5,000 በላይ ሰው በቢጫ ወባ አልቋል። አየር ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ደግሞ ሰው በሙቀቱ ምክንያት አምሽቶ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው ያወራል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብደኝ ምክንያት ግን ሌላ ነው። በባርነት ዘመን ጥቁር ሰው በነጭ ላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ መመስከር አይችልም ነበር። መዝገብ ውስጥ ያልገባው ግፍ ወደ ተረት ገባ። የደቡብን የመንፈስ ታሪክ ስትሰሙ «ይህ ሰው በሕይወት ሳለ ለማን መናገር ይችል ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ መልሱ «ለማንም» ነው።

አተራረካቸው ምን የተለየ ነገር አለው?

አይቸኩሉም። ሟቹ ከመሞቱ በፊት የአያቱ ስም፣ የቤቱ አሠራር፣ የዚያን ቀን የበላው ምሳ ሁሉ ይነገራል። መሐል ላይ ቀልድ ጣል ይደረጋል። አስፈሪው ነገር ሲመጣ ድምፅ አይጨምሩም፣ እንዲያውም ዝቅ ያደርጋሉ። ሐሜት እንኳን በትሕትና ተጠቅልሎ ነው የሚቀርበው።

የዚህ አተራረክ እናት የምትባለው ካትሪን ታከር ዊንደም ናት፤ ከ1918 እስከ 2011 የኖረች የአላባማ ጋዜጠኛ። ሴልማ ከተማ ባለው ቤቷ ውስጥ ኮቴው ይሰማል ያለችውን መንፈስ «ጄፍሪ» ብላ ስም አወጣችለት። እንደ ቤተሰብ አባል ነበር የምታወራው። እንዲህ ያለውን ትረካ በአካል መስማት የሚፈልግ ቴነሲ ውስጥ ጆንስቦሮ ይሂድ። ከ1973 ጀምሮ በየዓመቱ ትልቅ የተረት ነጋሪዎች በዓል ይደረጋል።

ጀማሪ ነኝ፤ ከየትኛው ታሪክ ልጀምር?

ከቤል ጠንቋይ። ጆን ቤል የሚባል ገበሬ ከሰሜን ካሮላይና ተነስቶ ዛሬ አዳምስ በምትባለው የቴነሲ መንደር አጠገብ ሰፈረ። ከ1817 ጀምሮ ቤቱ ሰላም አጣ ይባላል። መጀመሪያ በር የሚያንኳኳ፣ የአልጋ እግር የሚግጥ ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ ብርድ ልብስ የሚገፍ እጅ መጣ። ቤትሲ የምትባለዋን ልጁን ፀጉሯን ይጎትታል፣ በጥፊ ይላታል። በመጨረሻም ድምፁ ቋንቋ አወጣ። መጽሐፍ ቅዱስ ይጠቅሳል፣ ሰባኪዎችን ይከራከራል፣ የጎረቤት ገመና ያወጣል። ሰዉ «ኬት» አላት። ቤትሲ ጆሹዋ ጋርድነር የሚባል ወጣት እንዳታገባም ጠዋት ማታ ትነዘንዛት ነበር።

ጆን ቤል ታኅሣሥ 20 ቀን 1820 ሞተ። አጠገቡ ጥቁር ፈሳሽ ያለበት ብልቃጥ ተገኘ ይባላል። ድመት ላይ ሞከሩት፣ ድመቷ ሞተች፣ ብልቃጡን እሳት ውስጥ ወረወሩት። መርማሪ ቢኖር ኖሮ ራሱን ይይዝ ነበር፤ ማስረጃው ተቃጠለ እኮ! በማግስቱ ዓመት ቤትሲ እጮኛዋን ተወች፣ ጠንቋይዋም ሄደች። ቤትሲ በ1824 ያገባችው የቀድሞ አስተማሪዋን ሪቻርድ ፖዌልን ነው። «ከነገሩ ሁሉ የተጠቀመ ማን ነው?» ብለው የሚጠይቁ ሰዎች እስከ ዛሬ አስተማሪውን በጎን ያዩታል።

በሰነድ የሚታወቀው ደረቅ ነው፤ ግን ይጣፍጣል። ጆን ቤል ከአንድ ጎረቤቱ ጋር በገንዘብ ተካሶ በአራጣ ተፈርዶበታል። የክሱ መነሻ በባርነት የተያዘች ሴት ሽያጭ ነበር። የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያኑም በ1818 ከአባልነት አስወጥታዋለች። የዝርዝሩ ዋና ምንጭ ግን ማርቲን ኢንግራም የተባለ ጋዜጠኛ በ1894 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ነገሩ ከተፈጸመ ከ70 ዓመት በላይ አልፎ ማለት ነው። ኢንግራም ከቤል ልጆች አንዱ የጻፈውን ማስታወሻ ይዣለሁ ብሏል። የማስታወሻውን ዋና ቅጂ ግን ለተመራማሪ ያሳየ የለም።

ፕሬዝዳንት አንድሪው ጃክሰን ከጠንቋይዋ ሸሽቷል የሚባለውስ?

ጥሩ ወሬ ነው፤ ማስረጃ የለውም። ጃክሰን ገና ጄኔራል ሳለ ሊጎበኝ መጥቶ ሠረገላው መንገድ ላይ ተገተረ፣ ሌሊቱን ሰዎቹ ተደበደቡ፣ ጠዋት ተነስቶ እብስ አለ ይላሉ። የጃክሰን ደብዳቤዎችና ወረቀቶች በብዛት ተጠብቀዋል። ስለዚህ ጉብኝት አንድም ቃል የላቸውም። በምርጫ ዘመን ጠላቶቹ ሚስቱን ሳይቀር አንስተው ሰድበውታል። ከመንፈስ መሸሹን ቢሰሙ ኖሮ ዝም የሚሉት ይመስላችኋል?

እውነት መንፈስ ፍርድ ቤት መስክሮ ነፍሰ ገዳይ አስፈርዷል?

ይህ ነው የምወደው የዌስት ቨርጂኒያ ታሪክ። ግሪንብራየር አውራጃ ውስጥ ዞና ሂስተር የምትባል ወጣት ኤድዋርድ ሹ የሚባል ብረት ቀጥቃጭ አገባች። (ቀጥቃጭ ስል «ቡዳ» ያላችሁ ካላችሁ ተዉት፤ ያ የእኛ አገር ሐሜት ነው፣ ሰውዬው ሌላ ጉድ አለው።) ጥር 23 ቀን 1897 ለሥራ የተላከ ልጅ ቤት ሲገባ ዞናን ወለል ላይ ወድቃ አገኛት። ሐኪሙ ጆርጅ ናፕ እስኪደርስ ባልየው አስከሬኑን ፎቅ አውጥቶ፣ አጥቦ፣ አልብሶ ጨርሷል። ያለበሳት አንገቱ እስከ አገጭ የሚደርስ ቀሚስ ነው። ሴት ሬሳ ሴቶች በሚገንዙበት አገር ይህ ራሱ ያስገርማል። ሐኪሙ አንገቷን ሊያይ ሲል ባልየው ጭንቅላቷን ታቅፎ እየጮኸ አላስጠጋ አለው። ሐኪሙም ኀዘኑን አክብሮ ሄደ። የሞት ምክንያት ብሎ መጀመሪያ የጻፈው «ዘላለማዊ ራስን መሳት» የሚል ነበር፤ በኋላ ከእርግዝና ጋር አያያዘው።

እናትየው ሜሪ ጄን ሂስተር ግን አልዋጥ አላት። ቀብሩ ካለፈ በኋላ ልጄ አራት ሌሊት መጣችብኝ አለች። ህልም አይደለም፣ ነቅቼ ነው ያየኋት አለች። «እራት ላይ ሥጋ አልሠራሽም ብሎ ተቆጣ፤ አንገቴን ሰበረው» ብላ ነገረችኝ፣ ስትሄድም ጭንቅላቷን ወደ ኋላ አዙራ አየችኝ አለች። እናት ይህን ይዛ ወደ ዐቃቤ ሕጉ ጆን ፕሬስተን ሄደች። ፕሬስተን በመንፈስ አመነ አላመነ አይታወቅም። ሰዎቹን ግን ጠየቀ። ሐኪሙም በደንብ እንዳልመረመረ አመነ። የካቲት 22 አስከሬኑ ከመቃብር ወጥቶ ትምህርት ቤት ውስጥ ተመረመረ። አንገቷ ተሰብሯል፣ የአየር ቧንቧዋ ተደፍጥጧል፣ የጣት ምልክትም አለ።

ችሎቱ በሰኔ ተጀመረ። እዚህ ላይ ነው ተረቱና መዝገቡ የሚለያዩት። ዐቃቤ ሕጉ ስለ መንፈሷ አንድም ጥያቄ አላነሳም። ክሱን ሊያበላሽበት ይችላል። ያነሳው የተከሳሹ ጠበቃ ነው፤ እናትየውን እብድ ለማስመሰል። እሷ ግን ፍንክች አላለችም። ጠበቃው በጠየቀ ቁጥር ታሪኩ ለዳኞቹ ይበልጥ እየተዘረዘረ ሄደ። ጠበቃው በገዛ እጁ መንፈሷን ችሎት አስገባት ማለት ነው። ሐምሌ 11 ሹ ጥፋተኛ ተብሎ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። መጋቢት 1900 ሞንድስቪል እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ከዞና በፊት ሁለት ሚስቶች ነበሩት። አንዷ ፈታዋለች፣ ሁለተኛዋ ደግሞ ምክንያቱ ግልጽ ባልሆነ አደጋ ሞታለች።

ስለዚህ «መንፈስ መስክሮ አስፈረደ» የሚለው ሙሉ እውነት አይደለም። ያስፈረደበት የተሰበረው አንገትና የባልየው አኳኋን ነው። ግዛቷ ግን መንገድ ዳር ባቆመችው ሰሌዳ ላይ የመንፈስ ምስክርነት ነፍሰ ገዳይ ለማስፈረድ የረዳበት ብቸኛ የታወቀ ጉዳይ ብላ ጽፋዋለች። እኔ የራሴን ግምት ልናገር፦ እናትየው ጠርጥራለች፣ የሚሰማት አጥታለች። በ1897 የአንዲት ገበሬ ሴት ጥርጣሬ መቃብር አያስከፍትም። ልጇ መጥታ ነገረቻት ማለት ግን አስከፈተ። ሜሪ ጄን በ1916 እስክትሞት ድረስ ቃሏን አልቀየረችም።

የበረንዳ ጣሪያ ሰማያዊ የሚቀቡት ለምንድን ነው?

ቻርልስተን፣ ቦፎርት ወይም ሳቫና የሄደ ሰው ቀና ብሎ ካየ ያያታል፤ ፈዘዝ ያለች ሰማያዊ። ልማዱ ከጉላ ጊቺ ሕዝብ ጋር የተያያዘ ነው። እነሱ በካሮላይናና በጆርጂያ ባሕር ዳርቻና ደሴቶች ላይ በባርነት ይሠሩ የነበሩ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ሰዎች ልጆች ናቸው። መንፈስ ውኃ አይሻገርም ይላሉ። ሰማያዊው ውኃ ይመስለውና ይመለሳል። ዛሬ ግን ቀለም ሻጩም፣ ሀብታሙም፣ ተርብ ያባርርልኛል የሚለውም ይቀባዋል። የዱሮው ሰማያዊ የሚወጣበት ኢንዲጎ የሚባለው ተክል በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደቡብ ካሮላይናን ካበለጸጉ ሰብሎች አንዱ ነበር። ያመረቱት እነዚሁ ባሪያ የተደረጉ ሰዎች ናቸው።

ከሚያባርሯቸው አንዷ ቡ ሃግ ናት። ሌሊት ቆዳዋን አውልቃ በቁልፍ ቀዳዳ ትገባለች። የተኛው ሰው ደረት ላይ ወጥታ ትንፋሹን ትጠጣለች። መፍትሔው ደጃፍ ላይ መጥረጊያ ማስቀመጥ ነው። ጭራሮውን አንድ በአንድ ሳትቆጥር ማለፍ አትችልም፣ ስትቆጥር ይነጋባታል። እኛ አገር «ዱካክ ያዘኝ» የሚል ሰው የሚያወራውን ስሙ፤ ያው ነው። ነቅተህ መንቀሳቀስ ያቅትሃል፣ ደረትህ ላይ የተቀመጠ ነገር አለ። ሐኪሞች እንቅልፍ ውስጥ ሰውነት ጡንቻውን እንደሚያስር ያስረዳሉ። አእምሮ ቀድሞ ሲነቃ ሰውነቱ ገና ታስሮ ነው። ይህን ሁሉ አውቄ መጥረጊያዋን ባስቀምጥም አልከፋኝም።

ሮበርት ጆንሰን ነፍሱን ለሰይጣን ሸጧል?

የሚሲሲፒው የብሉዝ ጊታር ተጫዋች እኩለ ሌሊት መስቀለኛ መንገድ ላይ ሰይጣንን አግኝቶ ነፍሱን ሰጥቶ የጊታር ችሎታ ተቀበለ ይባላል። መስቀለኛ መንገድ ላይ የተጣለ ነገር እንዳትረግጥ ተብሎ ላደገ ሐበሻ ቦታው አይገርመውም። ሮበርት በ1936 እና በ1937 ቴክሳስ ውስጥ 29 ዘፈኖች ቀርጾ፣ በነሐሴ 1938 በ27 ዓመቱ ግሪንውድ አካባቢ ሞተ። ስለ ውሉ የሚነገረው ታሪክ አስቀድሞ የተነገረው ቶሚ ጆንሰን ስለሚባል ሌላ ሙዚቀኛ ነበር። ሮበርትን በእውነት ያስተማረው አይክ ዚመርማን የሚባል ጊታሪስት ነው። ሰው እንዳይረበሽ ሌሊት መቃብር ቦታ ቁጭ ብለው ይለማመዱ ነበር። መቃብር ላይ ጊታር ሲጫወት ያየ ሰው ሰይጣንን ለመጨመር ብዙ አይቸገርም።

ሃይማኖተኛ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ታሪክ መስማት ነውር የለውም?

ይህን አብዝተው የሚጠይቁት ሐበሾች ናቸው፤ አትላንታ ያሉት በተለይ። የሚያወሩት ደቡቦች ራሳቸው አጥባቂ ክርስቲያኖች ናቸው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፣ ማታ በረንዳ ላይ ስለ ሙታን ያወራሉ። ታሪክ መስማትና መንፈስ መጥራት ለእኔ አንድ አይደሉም። አንዳንድ የሌሊት ጉብኝት ግን መብራት የሚያበራ መሣሪያ አስይዞ «አሁን መንፈሱን እናናግረው» ይላል። እሱን እኔም እዘለዋለሁ። ለእምነት ሳይሆን ስለሚያሰለች።

አስጎብኚው የሚለውን እንዴት ልመን?

ሁለቱን ለይታችሁ ስሙ፤ የሆነውንና የተጨመረውን። ሳቫና ራይት አደባባይ ስትደርሱ የአሊስ ራይሊን ታሪክ ትሰማላችሁ። አየርላንዳዊት የኮንትራት ገረድ ነበረች። ዊልያም ዋይዝ የሚባለውን ጌታዋን ገድላለች ተብላ ተፈረደባት። ነፍሰ ጡር ስለነበረች እስክትወልድ ጠብቀው በጥር 1735 ሰቀሏት። ጆርጂያ ውስጥ በስቅላት የተቀጣች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ይህ የሆነው ነው። ከኦክ ዛፎች የሚንጠለጠለው ግራጫ፣ ሽበት መሳይ ተክል በዚህ አደባባይ አይበቅልም፣ ንጹሕ ደም ስለፈሰሰ ነው የሚባለው የተጨመረው ነው። ተክሉ የሚበቅለው ብርሃንና እርጥበት ሲስማማው ነው።

ምልክቱ ቀላል ነው። ስም፣ ዓመትና ፍርድ ቤት ያለው ነገር ሊረጋገጥ ይችላል። «አንዲት ባሪያ ልጅ» ብቻ ተብሎ ስም የሌላት መንፈስ ስትመጣ ግን ተጠራጠሩ። ብዙ ጊዜ ቤቱን ለማስጎብኘት የተፈጠረች ናት።

የኒው ኦርሊንሱ ባለ መጥረቢያ እውነተኛ ሰው ነበር?

ግድያዎቹ እውነት ናቸው። በ1918 እና በ1919 አንድ ሰው፣ ወይም ከአንድ በላይ ሰዎች፣ ሌሊት ቤት እየሰበሩ በመጥረቢያ ይገድሉ ነበር። አብዛኞቹ ተጠቂዎች ጣልያናዊ ባለ ሱቆች ናቸው። በመጋቢት 1919 ጋዜጣ ላይ ደብዳቤ ወጣ። ጸሐፊው ከሲኦል ነኝ ይላል። በቅዱስ ዮሴፍ በዓል ሌሊት ከተማዋን አልፋለሁ፣ ጃዝ የሚጫወትበትን ቤት ግን አልነካም ይላል። ያን ሌሊት ከተማዋ በሙዚቃ ተናወጠች። የተገደለ ሰው አልነበረም። ገዳዩ አልተያዘም። ደብዳቤውን የጻፈው እሱ ይሁን ቀልደኛም አልታወቀም።

የጃዙን ሌሊት ሁሉም ያወራል። የጆርዳኖዎችን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። በዚያው መጋቢት ግሬትና ውስጥ ኮርቲሚሊያ የሚባሉ ባልና ሚስት ተጠቁ፣ ሕፃን ልጃቸው ሞተች። ሮዚ የምትባለው እናት ከሆስፒታል ጆርዳኖ የሚባሉ ጎረቤቶቿን ከሰሰች፤ አንድ ሽማግሌና ወጣት ልጁን። አባት ዕድሜ ልክ፣ ልጅ ስቅላት ተፈረደባቸው። በ1920 ሮዚ «ዋሽቻለሁ» ብላ ቃሏን አነሳች፣ እነሱም ተፈቱ። ባለ መጥረቢያው በስሙ ሊያሰቅል የነበረው ንጹሕ ወጣት ከጃዙ ይልቅ ያስፈራኛል።

በሰው ስቃይ መዝናናት አይሆንም?

ሊሆን ይችላል። የላሎሪን ቤት ውሰዱ። ኒው ኦርሊንስ፣ ሮያል ጎዳና፣ ቁጥር 1140። ሚያዝያ 10 ቀን 1834 የዴልፊን ላሎሪ ቤት ኩሽና ተቃጠለ። እሳት ሊያጠፉ የገቡ ሰዎች አሮጊቷን ወጥ ሠሪ በሰንሰለት ታስራ አገኟት። ከላይ ደግሞ ተርበው፣ ተገርፈው፣ አካላቸው ጎድሎ የታሰሩ ሰባት ሰዎች ነበሩ። ሕዝቡ ተቆጥቶ ቤቱን አፈራረሰው። ላሎሪ አመለጠች። ሳትከሰስ ፓሪስ ኖራ በ1849 ሞተች። ዛሬ ቱሪስት ፎቶ የሚያነሳው ሕንፃ ከዚያ በኋላ ዳግም የተሠራ ነው። ኒኮላስ ኬጅ የሚባለው የፊልም ተዋናይም ለጥቂት ዓመታት ባለቤቱ ነበር።

የምሽት ጉብኝቶች ላይ የሚሰማው አሰቃቂ ዝርዝር፣ አጥንት ተሰብሮ የተገጣጠመና አንጀት የተጠመጠመ የሚባለው፣ አብዛኛው በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተጨመረ ነው። የዘመኑ ጋዜጣ የጻፈው ራሱ በቂ ነበር። የቀብር መዝገቦችን ያዩ ሰዎች ከ1830 እስከ 1834 ከዚያ ቤት 12 ባሪያ የተደረጉ ሰዎች መሞታቸውን አግኝተዋል። ምክንያቱ አልተጻፈም፤ የኮሌራ ዘመንም ነበር። ከሟቾቹ መሐል ቦን የምትባል ወጥ ሠሪና ልጆቿ ጁልዬት፣ ፍሎረንስ፣ ጁልና ሌዎንቲን አሉ። እነዚህን ስሞች የማይጠራ፣ የላሎሪን ስም ግን ሃያ ጊዜ የሚጠራ አስጎብኚ ሲገጥማችሁ ጥያቄ ጠይቁት።

ኒው ኦርሊንስ ከሄዳችሁ ሮያል ጎዳናን በማታ እዩት፤ ያምራል። በማግስቱ ግን መኪና ይዛችሁ ወደ ዊትኒ እርሻ ሂዱ። ከከተማው አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በ2014 የተከፈተ ሙዚየም ነው። ጉብኝቱ የሚያተኩረው በጌቶቹ ላይ ሳይሆን ባሪያ በተደረጉት ሰዎች ላይ ነው፤ ስማቸውም ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። ብዙው ጉብኝት ደጅ ነውና በበጋ ከሆነ ጠዋት ድረሱ፤ ኮፍያና ውኃም ያዙ።